ሰዓት የሚስተው የማለዳ ድምፅ፤ የጃክ ደ ማኒዮ የሕይወት ታሪክ

በቦንጋ ከተማ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ደጅ ብቅ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው ጉም ነው። ጉሙ ከከፋ ደን ላይ ተነሥቶ ኰረብታውንም ሸለቆውንም ሸፍኖ ይቆይና፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል ቀስ እያለ ይገፈፋል። በዚያ ሰዓት በየቤቱ ቡና ይፈላል። አቦሉ ተቀድቶ ቶናው እስኪደርስ ድረስ ራዲዮው ይናገራል፤ ዛሬ ደግሞ ራዲዮው በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ በኪስ ይዞራል። ተማሪው ደብተሩን፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ቦርሳውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ጆሮውን የሚያውሰው ለዚሁ ድምፅ ነው። ሰዓቱንና ወሬውን ከእሱ ይሰማል፤ አንዳንድ ጊዜም ሳያስበው ፈገግ ይልና ቀኑን በደኅና ይጀምራል።

ይህ የማለዳ ድምፅ ከሌላው የተለየ ጠባይ አለው። የማታ ራዲዮ የሚሰማው ሥራውን ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ነው። የማለዳውን ራዲዮ የሚሰማው ግን ፊቱን የሚታጠብ፣ ጫማውን የሚያስር፣ ልጁን የሚቀሰቅስ ሰው ነው። ስለዚህ በማለዳ የሚናገረው ሰው እንደ እንግዳ አይቈጠርም፤ ሳይጠራ ገብቶ ከቤተሰቡ ጋር ቡና እንደሚጠጣ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ይወደዳል፤ ጎረቤት ያስቀይማልም።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከገነነ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ጃክ ደ ማኒዮ ነበር። ይህ ሰው ከ1958 እስከ 1971 ዓ.ም. ድረስ 13 ዓመት ያህል በየማለዳው ከሎንዶን እየተናገረ የእንግሊዝን ሕዝብ ከእንቅልፉ ሲያነቃ ኖሯል። ካረፈ ከ35 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአገሩ ስሙ ሲነሣ አብረው የሚነሡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ስሕተቶች ናቸው። አንደኛው ስሕተት አገሩን ሁሉ ሲያስቅ የኖረ ነው። ሁለተኛው ግን የአፍሪካን ሕዝብ የሚያዋርድ ነበር። በሁለት ስሕተት የሚታወስ ሰው እንዴት ያን ያህል ሊወደድ እንደ ቻለ፣ የወደዱትም ሰዎች ትክክል መሆናቸውንና አለመሆናቸውን ለመመርመር ታሪኩን ከመጀመሪያው መተረክ ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የአይሮፕላን ነጂው ልጅ

ጃክ ደ ማኒዮ በጃንዋሪ 26 ቀን 1914 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢጣሊያዊ፣ እናቱ ፖላንዳዊት ነበሩ። አባቱ የአይሮፕላን ነጂ ነበር። አይሮፕላን በሞተር ኃይል ከምድር ከተነሣ በዚያን ጊዜ ገና 10 ዓመቱ ስለ ነበረ፣ ይህን ሥራ የያዘ ሰው ሕይወቱን በእጁ ይዞ እንደሚዞር ይቈጠር ነበር። የፈሩትም አልቀረ፤ አባትየው በበረራ ላይ በደረሰ አደጋ ሞተ። ልጁ የተወለደው ከአባቱ ሞት በኋላ ነው። ስለዚህ ጃክ ከአባቱ የወረሰው ስሙን ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከኢጣሊያዊ አባትና ከፖላንዳዊት እናት የተወለደው ይህ ልጅ፣ ኋላ የእንግሊዝ ሰዎች የራሳቸው ድምፅ ነው ብለው የሚቀበሉት ተናጋሪ መሆኑ ሊያስደንቅ ይችላል። ነገር ግን ንግግር በደም የሚተላለፍ አይደለም፤ በጆሮ የሚለመድ ነው። ጃክ በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በእንግሊዝ ልጆች መካከል አድጎ፣ የእንግሊዝን አነጋገር ከነለዛው ያዘ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ግን ወዲያው የከበረ ሥራ አልጠበቀውም። በቢራ ጠመቃ ቤት በጸሐፊነት፣ በሆቴል ቤትም በዝቅተኛ አገልግሎት ሠርቷል። ዛሬ ዲፕሎማውን ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ይህን ሲሰማ ሳይጽናና አይቀርም።

በ1939 ዓ.ም. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ደ ማኒዮ የሮያል ሳሴክስ ሬጅመንት መኰንን ሆኖ ዘመተ። በጦር ሜዳ ስላሳየው ጀግንነትም ሚሊተሪ ክሮስ የተባለውን ኒሻን ተሸለመ። ኢጣሊያ ከጀርመን ጋር አብራ በተሰለፈችበት በዚያ ጦርነት፣ ኢጣሊያዊ ስም የያዘ መኰንን በእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ ሲዋጋ መታየቱ የዚያ ዘመን አንዱ ነገር ነው። የእኛም አርበኞች በዚያው ጦርነት በ1941 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆነው ጠላትን ከአገራቸው እንዳስወጡ የታወቀ ነው።

ከጦርነቱ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ደ ማኒዮ በመካከለኛው ምሥራቅ ለወታደሮች በሚያሰራጨው ራዲዮ ተመደበ። የኋላው ሕይወቱ የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው። ወታደር ከቤቱ ርቆ፣ የነገውን ሳያውቅ፣ በበረሃ ድንኳን ውስጥ ሲነቃ የሚፈልገው ትእዛዝ የሚሰጥ ድምፅ አይደለም፤ ትእዛዝ ከአለቆቹ ይበቃዋል። የሚፈልገው የአገሩን ሰው አነጋገር፣ ጥቂት ሙዚቃና ጥቂት ቀልድ ነው። ደ ማኒዮ በማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ከብዙ ሰው ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰው ጋር እንደሚጫወት ሆኖ መናገርን ያሳየው አንዱ ነገር ይህ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

የቢ. ቢ. ሲ. ሥርዓት

በ1946 ዓ.ም. ደ ማኒዮ ወደ አገሩ ተመልሶ በቢ. ቢ. ሲ. የውጭ አገር ክፍል አስተዋዋቂ ሆነ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለአገር ውስጥ ወደሚያሰራጨው ክፍል ተዛወረ።

ቢ. ቢ. ሲ. በ1922 ዓ.ም. የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን በሥርዓት አጥባቂነቱ የታወቀ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን የማታ ዜና የሚያነቡ ሰዎች ማንም ሳያያቸው የእራት ግብዣ ልብስ ለብሰው ያነቡ ነበር። ስማቸውም አይነገርም ነበር፤ ዜናው እንጂ አንባቢው መታወቅ የለበትም ይባል ነበርና። ይህ ልማድ የተለወጠው በጦርነቱ ጊዜ በ1940 ዓ.ም. ነው። ጠላት በእንግሊዝኛ እየተናገረ የሐሰት ዜና እንዳያሰማ፣ ሕዝቡ የአንባቢዎቹን ስምና ድምፅ ለይቶ እንዲያውቅ ስማቸው እንዲነገር ተደረገ። ያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ከድምፁ በስተጀርባ ሰው እንዳለ አወቀ። ከጦርነቱ በኋላ እንደ ደ ማኒዮ ያሉ ሰዎች በስማቸው ሊወደዱ የቻሉት በሩ አስቀድሞ በዚህ ምክንያት ስለ ተከፈተ ነው።

በአገራችንም የራዲዮ ጣቢያ ሥራውን የጀመረው በ1935 ዓ.ም. በአቃቂ ነበር። ወዲያው ወረራው ደረሰና ተቋረጠ፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1941 ዓ.ም. እንደገና ቀጠለ። ስለዚህ ጦርነትና ራዲዮ በብዙ አገር አብረው የሚነሡ ታሪኮች ናቸው።

የ1956 ዓ.ም. ስሕተት

በጃንዋሪ ወር 1956 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሣቤጥ 2ኛ ናይጄሪያን ለመጐብኘት ሌጎስ ገቡ። ናይጄሪያ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ ነጻነቷን ያገኘችው ከአራት ዓመት ከስምንት ወር በኋላ በኦክቶበር 1 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። ቢ. ቢ. ሲ. ጉብኝቱን ምክንያት አድርጎ ስለ አገሪቱ ፕሮግራም አዘጋጀ። የፕሮግራሙ ስም ለአገሪቱ መጠሪያ ምክንያት ከሆነው ከታላቁ ወንዝ የተወሰደ ሲሆን፣ የናይጀር ምድር ማለት ነበር። ስሙን በማይክሮፎን የሚያስተዋውቀው ደ ማኒዮ ነበር።

በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የወንዙ ስም እና ጥቁሮችን ለማዋረድ የሚነገረው የስድብ ቃል የሚለያዩት በአንዲት ፊደል መደገም ብቻ ነው። ደ ማኒዮ በቀጥታ ሥርጭት ላይ የወንዙን ስም እጠራለሁ ሲል ስድቡን ተናገረ። ንግሥቲቱን በክብር የተቀበለ ሕዝብ፣ በዚያው ሰሞን ከንግሥቲቱ አገር ራዲዮ አገሩ በስድብ ስም ሲጠራ ተሰማ።

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን አደጋ ለመረዳት አይቸገርም። በፊደላችን ላይ መጥበቅና መላላት አይጻፍም። ገና ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። ዋና ሲጠብቅ ትልቁ ነገር ነው፤ ሲላላ በውሃ ላይ መንሳፈፍ ነው። አንባቢው ወረቀቱን ሲያይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሰሚው ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚለው ተረት የተነገረው በማይክሮፎን ፊት ለሚቀመጥ ሰው ይመስላል።

ደ ማኒዮ ለጊዜው ከአስተዋዋቂነት ሥራው እንዲርቅ ተደረገ። ስሕተቱ ሆን ተብሎ የተደረገ አለመሆኑን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። ነገር ግን ከዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ምላስ የሚስተው በአቅራቢያው ወዳለ ቃል ነው። በቤቱ የሌለውን ዕቃ በስሕተት የሚያነሣ ሰው የለም። ያ የስድብ ቃል ከአንድ የተማረና የተከበረ ሰው አፍ ሳይታሰብ ሊወጣ የቻለው፣ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር በጨዋታም በመጻሕፍትም በየቤቱም ይነገር ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ የአንድ ሰው ምላስ ስሕተት ቢሆንም፣ ቃሉን ከምላሱ አጠገብ ያስቀመጠው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ለሎንዶን ሰሚ ነገሩ የሚያሳፍር ቀልድ ሊመስለው ይችል ነበር። በሌጎስ ለሚሰማው ግን ቀልድ ሊሆን አይችልም።

ይህ ጸሐፊ ስለዚህ ነገር በሩቅ ሆኖ እንደማይናገር እንዲታወቅ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የምረቃ በዓል ላይ የተመራቂዎችን ስም እንዳነብ ታዝዤ ነበር። ከተመራቂዎቹ አንዱ የከፋ ገጠር ልጅ ነው። በከፋ ሕዝብ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ የድምፅ መርዘምና ማጠር፣ መጥበቅና መላላት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ወረቀቱን አስቀድሜ ሳላጠና ቀረሁና የአባቱን ስም እንዳየሁት አነበብኩት። ልጁ ተነሥቶ መጣ፤ አባቱ ግን በወንበራቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ቀሩ። ልጃቸው መጠራቱን ያወቁት ከመድረክ ሲወርድ ነው። ለዚያች አንዲት ደቂቃ ሲሉ ሩቅ መንገድ የመጡ ሰው ነበሩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ አልተቈጡኝም፤ እጄን ይዘው ስማቸውን በትክክል አንድ ጊዜ ጠሩልኝና ዝም አሉ። ዝምታው ከቍጣ ይከብድ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ስም ሳላጠና በሕዝብ ፊት አላነበብኩም።

ዛሬ የተባለው ፕሮግራም

በኦክቶበር 28 ቀን 1957 ዓ.ም. ቢ. ቢ. ሲ. ዛሬ የሚል ስም ያለው አዲስ የማለዳ ፕሮግራም ጀመረ። ስሙን ያወጣችለትና በመጀመሪያ የመራችው ኢሳ ቤንዚ የተባለች ሴት ነበረች። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ሁለት የ20 ደቂቃ ክፍሎች ብቻ ነበሩት፤ እነሱም በዜናው፣ በጸሎቱና በሙዚቃው መካከል የገቡ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት በ1958 ዓ.ም. ፕሮግራሙን እንዲያቀርብ የተመረጠው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከአስተዋዋቂነቱ እንዲርቅ የተደረገው ጃክ ደ ማኒዮ ነበር።

ጊዜው ለማለዳ ራዲዮ የተመቸ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ቴሌቪዥን በእንግሊዝ አገር እየተስፋፋ የማታውን ሰሚ ከራዲዮ ወሰደው። ሰው ከሥራ ሲመለስ ከሣጥኑ ፊት ተቀምጦ ሥዕል ማየት መረጠ። ማለዳው ግን ለራዲዮ ቀረ፤ የማለዳ ቴሌቪዥን በእንግሊዝ አገር የተጀመረው በ1983 ዓ.ም. ነውና። ከዚህም ሌላ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ትራንዚስተር የተባለው ትንሽ ራዲዮ ለገበያ ቀረበ። ቀድሞ እንደ ቁም ሣጥን በአንድ ክፍል ተተክሎ ይኖር የነበረው ራዲዮ አሁን ወደ ወጥ ቤትና ወደ መታጠቢያ ቤት ሊወሰድ ቻለ። በእኛም አገር ገበሬው ራዲዮን በትከሻው አንግቶ ወደ እርሻው ሊሄድ የቻለው በዚሁ መሣሪያ ምክንያት ነው።

ደ ማኒዮ ያቀርበው የነበረው ፕሮግራም የዛሬውን የሚያህል ክብደት አልነበረውም። ሚኒስትርን በጥያቄ የሚያፋጥጥ አልነበረም። ልዩ ልማድ ያላቸውን ሰዎች፣ ከሩቅ አገር የመጡ መንገደኞችን፣ የሰው ትኩረት ያልደረሰባቸውን ትናንሽ ነገሮች እያነሣ ያጫውት ነበር። ድምፁ ወፈር ያለና ሞቅ ያለ ነበር። ማልዶ መነሣት እንደማይወድ ለሰሚው ሁሉ ግልጥ ነበር፤ ሰሚውም ማልዶ መነሣት አይወድም ነበርና ሁለቱ ተግባቡ። በ1970 ዓ.ም. ስለ ራሱ ሕይወት ላሳተመው መጽሐፍ የሰጠው ስም፣ ሕይወት የሚጀምረው እጅግ ማልዶ ነው የሚል ትርጓሜ ያለው ነው። ከዚያ በፊት በ1967 ዓ.ም. ያሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ርእሱ ለአክስት የተላከ ሰላምታ ይመስላል፤ አክስት የተባለችውም ቢ. ቢ. ሲ. ናት። እንግሊዞች ይህን ድርጅት በፍቅርም በምሬትም አክስታችን ይሉታል፤ እንደ አክስት ትመክራለች፣ እንደ አክስት ትቈጣለች ለማለት ነው።

ሰዓቱ

የደ ማኒዮን ስም ከሁሉ ይልቅ ያስወራው ሰዓት አለማወቁ ነው። በማለዳ ራዲዮ ላይ ሰዓት መናገር ትንሽ ነገር አይደለም። ባቡር የሚጠብቅ፣ ፋብሪካ የሚገባ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው የሚንቀሳቀሰው በዚያ ነው። ቢ. ቢ. ሲ. ደግሞ በሰዓት ትክክለኛነት የሚኮራ ድርጅት ነው። ከ1924 ዓ.ም. ጀምሮ በየሰዓቱ ራስ ላይ ስድስት አጫጭር ድምፆች ያሰማል፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች የእጅ ሰዓታቸውን በዚያ ያስተካክላሉ። በዚህ ድርጅት ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰዓቱ ፊት ለፊቱ ተሰቅሎ ሳለ፣ ደ ማኒዮ በተደጋጋሚ የተሳሳተ ሰዓት ይናገር ነበር።

ይህ ሰው በቦንጋ ቢሠራ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መገመት ያስቃል። ለእንግሊዝ ሰው ሰባት ሰዓት ተኩል የሆነው ለእኛ ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች ቀጠሮ የሚስቱበት ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት፣ አንዱን ሰዓት ማንበብ ላቃተው ሰው እጥፍ መከራ በሆነበት ነበር።

ሰሚዎቹ ግን በዚህ አልተቈጡም። አንዳንዱ የእጅ ሰዓቱን እያየ ዛሬስ ይስት ይሆን እያለ ይጠብቅ ነበር። ስሕተቱ ሲታወቅም ደ ማኒዮ እንደማንኛውም ሰው ያፍርና ያርመው ነበር እንጂ አልተሳሳትኩም ብሎ አይከራከርም ነበር። የእራት ልብስ ለብሶ ዜና ያነብ በነበረ ድርጅት ውስጥ ይህ አዲስ ነገር ነው። ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት የማይሳሳት የሚመስል ድምፅ ሲሰማ ኖሮ፣ አሁን እንደ ራሱ የሚያዛጋና የሚደናገር ሰው አገኘ። ስለዚህ ወደደው። በ1964 እና በ1971 ዓ.ም. የዓመቱ የራዲዮ ሰው ተብሎ ተሸለመ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የዛሬው ንጉሥ፣ የያን ጊዜው ልዑል አልጋ ወራሽ ቻርልስ፣ የመጀመሪያውን የራዲዮ ቃለ ምልልሳቸውን ያደረጉት ከእሱ ጋር ነው። በ1956 ዓ.ም. በንግሥቲቱ ጉብኝት ላይ በሠራው ስሕተት ከማይክሮፎን የራቀው ሰው፣ ከ13 ዓመት በኋላ ከንግሥቲቱ ልጅ ጋር ተቀምጦ ተጫወተ።

ዘመን ሲለወጥ

ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ ዛሬ የተባለው ፕሮግራም የወቅቱን ጉዳይ በሚከታተለው ክፍል ሥር ገብቶ ነበር። የዓለም ነገር እየከበደ ሲሄድ ፕሮግራሙም አብሮ ከበደ። ሰሚው ከእንቅልፉ ሲነቃ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ማብራሪያ ፈለገ። በ1970 ዓ.ም. በጋዜጠኝነት የሠለጠነ ጆን ቲምፕሰን የተባለ ሰው የደ ማኒዮ ባልደረባ ሆኖ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት በ1971 ዓ.ም. ደ ማኒዮ ፕሮግራሙን ለቀቀ። በዚያው ዓመት የተሸለመው ሽልማት እንኳ ሊያቆየው አልቻለም። መወደድና መፈለግ አንድ አለመሆናቸውን ይህ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ በስሙ የተሰየመ ሌላ ፕሮግራም ያቀርብ ጀመር። የፕሮግራሙ ስም ጃክ ደ ማኒዮ፣ ልክ በሰዓቱ የሚል ትርጓሜ ነበረው፤ በራሱ ስሕተት የተሠራ ቀልድ መሆኑ ነው። ይህም ፕሮግራም እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ከዚያ በኋላ ግን ድምፁ በራዲዮ ላይ እየራቀ ሄደ። በየማለዳው በብዙ ሺህ ቤት ይገባ የነበረ ሰው፣ በኋለኛው ዕድሜው ሌላው ሲናገር የሚሰማ አንድ አድማጭ ሆነ። ጃክ ደ ማኒዮ በኦክቶበር 28 ቀን 1988 ዓ.ም. በ74 ዓመቱ ሞተ። ያ ቀን ዛሬ የተባለው ፕሮግራም የተጀመረበት 31ኛ ዓመት ነበር። ፕሮግራሙ ግን እስከ አሁን ድረስ በየማለዳው ይሰማል።

ከሁለቱ ስሕተቶች የምናገኘው

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የእንግሊዝ ሕዝብ ይህን ሰው መውደዱ ትክክል ነበርን?

ሰዓት መሳትና ስም መሳት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ምንጩም ከፊቱ ያለውን ነገር በደንብ አለመመልከት ነው። ውጤታቸው ግን አንድ አይደለም። ሰዓቱን የሳተ ሰው ባቡር ያስመልጣል፤ ሌላ ባቡር ይመጣል። የሕዝብን ስም በስድብ የለወጠ ሰው ግን ክብርን ይነካል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉን የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ሁለቱን ስሕተቶች አንድ ላይ አድርጎ የአንድ ተወዳጅ ሰው ቀልዶች ናቸው ብሎ መተረክ፣ በእኔ አስተያየት ፍርደ ገምድልነት ነው። በመጀመሪያው መሳቅ የሰሚው መብት ነው፤ ሰዓቱ የተሳሳተበት እሱ ራሱ ነውና። በሁለተኛው ለመሳቅ ወይም ይቅር ለማለት መብት ያለው ግን የተሰደበው ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ቢ. ቢ. ሲ. ይህን ሰው ለዘለዓለም አለማባረሩን እንደ ጥፋት ልቈጥረው አልችልም። አንድ ሰው ባለማወቅ በሠራው አንድ ስሕተት ሕይወቱ በሙሉ ቢዘጋ፣ የሚቀሩት ሥራ የማይሠሩ ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። ደ ማኒዮ ሁለተኛ ዕድል ባይሰጠው ኖሮ አገሩ 13 ዓመት ሙሉ የወደደውን ድምፅ ሳያገኝ በቀረ ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። በዚያ ዘመን አንድ ናይጄሪያዊ በሎንዶን ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ በስሕተት እንግሊዞችን ቢሰድብ ኖሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአገሪቱን ማለዳ ይረከብ ነበርን? መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ። ምሕረት መልካም የሚሆነው ለሁሉ በአንድ መስፈሪያ ሲሰፈር ነው።

ይህ ነገር የራዲዮ ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ዛሬ በቦንጋም ሆነ በጅማ ወይም በአዲስ አበባ በመሥሪያ ቤት መስኰት በስተጀርባ የተቀመጠ ወጣት ሠራተኛ በየቀኑ የሰው ስም ይጽፋል፣ የሰው ስም ይጠራል። ከዴቻ ወይም ከጌሻ ማልዶ ተነሥቶ የመጣ ባላገር ስሙ ተበላሽቶ ቢጻፍበት፣ አንዲት ፊደል ለማስተካከል ስንት ቀን እንደሚመላለስ የሚያውቀው እሱ ነው። ለጸሐፊው አንድ ፊደል ነው፤ ለባለጉዳዩ የአባቱ ስም ነው። ተሳስቼአለሁ ብሎ ወዲያው የሚያርም ሠራተኛ ግን፣ እንደ ሰዓቱ ደ ማኒዮ፣ አይናቅም። የሚናቀው ስሕተቱን በማኅተም አጽንቶ ባለጉዳዩን ነገ ና የሚለው ነው።

ነገ ሰኞ ነው። ጉሙ ገና ሳይገፈፍ አንድ ወጣት በአንድ ማይክሮፎን ፊት ይቀመጣል፤ ሌላውም መዝገቡን ይከፍታል። ሰዓቱን ቢስት እንስቅለታለን፤ እኛም ማልደን መነሣት አንወድምና። የሰው ስም የተጻፈበት ወረቀት ሲደርሰው ግን፣ ለሕዝብ ከማሰማቱ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ጊዜ ለራሱ ያንብበው።